ሳይቃኙ መቃኘት

«ቀይ ቀለም ላይ ትል የሚመስል ነገር ይርመሰመሳል።»

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። በቴሌቪዥን ማሰራጫ ጣቢያ የማታ ተረኛ ነበርኩ፣ ያውም ብቻዬን። ደዋዩ አልተቆጣም፤ ችግሩን በደንብ አስረዳኝ። የሰው ፊት ሲታይ ደህና ነው። ነጭ ግድግዳ ሲታይም ደህና ነው። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ዘፋኝ ስትመጣ ግን ቀሚሷ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይሯሯጣሉ። «የኔ ቴሌቪዥን ነው የተበላሸው ወይስ የናንተ ማሰራጫ?» አለኝ። «እናየዋለን» ብዬ ዘጋሁ።

ወደ ማሰራጫው ዞርኩ። ሜትሩ 100 በመቶ ይላል። ከአንቴናው የሚመለሰው ኃይል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መብራቶቹ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ሥራውን ከጀመርኩ ገና 2 ዓመት አልሞላኝም ነበር። አረንጓዴ መብራት ካየሁ ነገሩ ያለቀለት የሚመስለኝ ዕድሜ ላይ ነበርኩ።

ያን ሌሊት የሠራሁት ነገር እስከዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል። ትንሽም ያሳፍረኛል።

ማሰራጫ አይተው ለማያውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኤክሳይተር የሚባል ክፍል አለ። ምስሉንና ድምፁን ተቀብሎ ሞገድ ላይ ይጭናቸዋል፣ ከዚያም ወደ ቻናሉ ድግግሞሽ ያሻግራቸዋል። ከእሱ የሚወጣው ኃይል ግን ትንሽ ነው። ያንን ወደ ኪሎዋት የሚያሳድጉት ማጉያዎች ናቸው። በድሮዎቹ ማሰራጫዎች ይህን ሥራ አንድ ትልቅ ቱቦ ብቻውን ይሸከመው ነበር። ቱቦው ሞተ ማለት ስርጭቱ አብሮ ሞተ ማለት ነው። ሞጁላር የሚባለው ማሰራጫ ግን ሸክሙን ለብዙ ትናንሽ ማጉያዎች ያካፍላል። እያንዳንዱ ሞጁል እንደ ቁም ሳጥን መሳቢያ ይገባል፣ እንደ መሳቢያ ይወጣል። የእኛው 4 ነበረው። እያንዳንዱ 500 ዋት ይሰጣል፣ ሲደመር 2 ኪሎዋት ይሆናል።

ሌላም ልብ በሉ። አንዳንድ ማሰራጫዎች ለምስሉና ለድምፁ ለየብቻ ማጉያ አላቸው። የእኛው ሁለቱንም በአንድ ማጉያ ነበር የሚያሳልፈው። ይህ ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ዕዳ አለው። በፓል ቢጂ የአናሎግ ቴሌቪዥን ሥርዓት የድምፁ ሞገድ ከምስሉ ሞገድ 5.5 ሜጋኸርዝ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቀለሙ ደግሞ 4.43 ላይ ነው። ማጉያው የሰጡትን ሁሉ በእኩል መጠን ካላሳደገ ሁለቱ እርስ በርስ ይዳቀላሉ። ልዩነታቸው 1.07 ሜጋኸርዝ ነው። ይህ ዲቃላ መሀል ምስሉ ላይ ያርፋል። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር እሱም ይጎላል። የደዋዩ «ትል» ይኸው ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ደስ አለኝ። ሞገዶችን በየድግግሞሻቸው ለይቶ የሚያሳየውን ስፔክትረም አናላይዘር ሰካሁ፤ 1.07 ላይ ጉብታው ቁጭ ብሏል። ለዚህ ችግር መድኃኒት አለው። ኤክሳይተሩ ውስጥ ማረሚያ የሚባል ካርድ አለ። ማጉያው ወደፊት የሚያበላሸውን ቀድሞ በተቃራኒው ያጣምመዋል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጠማማዎች ተጣፍተው ቀጥ ያለ ይወጣል። የሚሽከረከሩ ትናንሽ ብሎኖች አሉት። የፕላስቲክ ካቻቢቴዬን ያዝኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ትንሽ ግራ። በ40 ደቂቃ ውስጥ ጉብታው ሰመጠ። ሲንኩም፣ ማለትም የምስሉን መስመሮች በቦታቸው የሚያስይዘው ምልክት፣ ተጨፍልቆ ነበር፣ እሱንም ሳብ አድርጌ ወደ ልኩ መለስኩት። መዝገቡ ላይ «ማረሚያው ተስተካክሏል፣ ምስሉ ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ተፈረመ፣ ሰዓቱ ተሞላ። ጠዋት ወደ ቤቴ ስሄድ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር።

ከ3 ሳምንት በኋላ ሦስተኛው ሞጁል ጨርሶ ሞተ። መጠባበቂያውን አስገባን። አዲስ ነው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የተለካበት ወረቀት እንኳ አብሮት አለ። ማሰራጫው 4 ጤነኛ ሞጁል ይዞ ሲነሳ ምስሉ ከመቼውም ጊዜ የባሰ ሆነ። ትሉ በቀይ ብቻ ሳይወሰን ሰማያዊውም ላይ ወጣ። ሲንኩ ካለልኩ ረዝሞ ምስሉን አደበዘዘው።

ጋሼ ብዬ የምጠራቸው አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ። መዝገቡን ወደ ኋላ ገለበጡ። ጣታቸው የኔ ፊርማ ላይ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነክተህ ነበር?»

«ማረሚያውን ነው ጋሼ። ጉብታ ነበረ፣ አጠፋሁት።»

«ጉብታው ከየት መጣ ብለህ ጠየቅክ?»

ዝም አልኩ። አልጠየቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሦስተኛው ሞጁል የሞተው ያን ቀን አልነበረም። ደዋዩ ስልክ በመታበት ሌሊት ግማሽ ጎኑ ሞቷል። እያንዳንዱ ሞጁል ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ የማጉያ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር፣ አንዱ ተቃጥሏል። እዚህ ላይ የማጉያዎቹን ኃይል አንድ ላይ የሚያጣምረው የኮምባይነር ሒሳብ ይመጣል። ሒሳቡ ከሚታሰበው ጋር አይገጥምም። ከሁለት አንዱ ሲቀር ግማሽ ኃይል ይቀራል ትላላችሁ። አይቀርም። ሩብ ነው የሚቀረው። በሕይወት ያለው ሰሌዳ ከሚሰጠው ላይ ግማሹ ወደ መውጫው ይሄዳል፣ ግማሹ ደግሞ ሪጀክት ሎድ ወደሚባል የተረፈ ኃይል መጣያ ገብቶ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ሦስተኛው ሞጁል በ500 ፈንታ 125 ዋት ብቻ ይሰጥ ነበር።

የማሰራጫው ጠቅላላ ኃይል ታዲያ መውረድ ነበረበት። ስሌቱን ብትሠሩት 1,530 ዋት ገደማ ይመጣል። ሜትሩ ግን 100 በመቶ ነበር የሚለው! ምክንያቱም ኃይሉን በራሱ የሚጠብቅ ዑደት አለ። መውጫው ሲቀንስ መግቢያውን ይጨምራል። ጎደለ ሲል ገፋ፣ ጎደለ ሲል ገፋ፣ 2 ኪሎዋት እስኪሞላ። ሸክሙ ያረፈው በሦስቱ ጤነኞች ላይ ነው። እያንዳንዳቸው ለ500 ዋት ተሠርተው ከ650 በላይ ይሰጡ ነበር። ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ጫፉን መጨፍለቅ ይጀምራል። በአናሎግ ቴሌቪዥን ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው ሲንክ ነው። ትሉም፣ የተጨፈለቀው ሲንክም ከዚያ ነው የመጡት።

እኔ ያደረግኩት እንግዲህ ምንድነው? የታመመ ሰው ሲያነክስ አይቼ ጫማውን ከፍና ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩለት። መራመዱ አማረ። እግሩ ሲድን ግን ያው ጫማ አንካሳ አደረገው።

መቃኘት የሚለው ቃላችን ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ የሙዚቃ መሣሪያን ክር ወጥሮ ድምፁን ማስማማት ነው። ሌላው ደግሞ አገር ምድሩን ዞሮ ማየት፣ መሰለል ነው። ጋሼ ይህን በቃል ብለውኝ አያውቁም። ሥራቸው ግን ያንን ይል ነበር። ሁለተኛውን መቃኘት ሳይጨርሱ ወደ መጀመሪያው አይሄዱም። ብሎን ከመንካታቸው በፊት ያለው ጊዜ ብሎን ከሚነኩበት ጊዜ ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር።

በመጀመሪያ ማሰራጫውን ከአንቴናው አላቀው በአንቴና ፈንታ ኃይሉን ወደሚውጠው ደሚ ሎድ ያዞሩታል። ደሚ ሎድ ጥሩ 50 ኦም ነው፣ አይዋሽም። ምስሉ ደሚ ሎድ ላይ ጥሩ ሆኖ አንቴናው ላይ ከተበላሸ ጥፋቱ ማሰራጫው ጋ የለም፣ ፊደሩን፣ ማለትም ወደ አንቴናው የሚሄደውን ኬብል፣ ወይም አንቴናውን ፈልግ። በዚህ አንድ እርምጃ ስንት ሌሊት እንደተረፈልኝ አልነግራችሁም።

ከዚያ ኤሌክትሪክ የሚመግቡት ፓወር ሳፕላዮቹ። ቮልቴጁን ሥራ ፈት ሆነው ሳይሆን ሸክም ላይ ሆነው ይለካሉ። ከዚያ ምንም ሲግናል ሳይገባ እያንዳንዱ ትራንዚስተር የሚወስደው ከረንት። ይህ ቁጥር ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ቁጥሩ ሲያንስ ማጉያው ደካማ ሲግናል ላይ ይጠማዘዛል፣ ሲበዛ ያለ ሥራ ይሞቃል። ጋሼ የእያንዳንዱን ሞጁል ቁጥር የሚጽፉበት የራሳቸው ደብተር ነበራቸው። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ አይደለም፣ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር። «ዛሬ ስንት ነው» የሚለው ብዙም አያሳስባቸውም። «ባለፈው ስንት ነበር» ነው የሚሉት።

ሞጁሎቹን የማስማማቱ ሥራ በጣም የምወደው ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አራት ሰዎች አንድ ከባድ ዕቃ ሲያነሱ እኩል ጉልበት ቢኖራቸው ብቻ አይበቃም፣ እኩል ሰዓት ላይ ብድግ ማድረግ አለባቸው። ሞጁሎችም እንደዚያ ናቸው። መጠናቸው ብቻ ሳይሆን ፌዛቸውም፣ ማለትም ሞገዶቻቸው የሚነሱበትና የሚወርዱበት ሰዓት፣ መግጠም አለበት። ሁለት እኩል ሞጁሎች በ10 ዲግሪ ቢለያዩ የሚባክነው ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ማንም አያየውም። በ30 ዲግሪ ቢለያዩ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። 10 ዲግሪ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? 200 ሜጋኸርዝ አካባቢ በሚሠራ ማሰራጫ 3 ሳንቲሜትር ኬብል ነው። አንድ ሰው ኬብል ተበላሽቶበት «ትንሽ ቢረዝም ምን አለበት» ብሎ በሌላ ቢቀይረው 3 ሳንቲሜትር ምንም አይመስለውም። ኮምባይነሩ ግን ያውቃል።

ማስተካከያው ላይ ዓይን የሚተከለው መውጫው ሜትር ላይ አይደለም። ሪጀክት ሎዱ ላይ ነው። መውጫው ጫፉ አካባቢ ስንፍና ይዞታል፣ ፌዙን ብታንቀሳቅሱትም እምብዛም አይነቃነቅም። ሪጀክት ሎዱ ግን ወደ ዜሮ ሲወርድ ይታያል። ብሎኑን በፀጉር ስፋት ስታዞሩ 8 ዋት የነበረው 3 ይሆናል፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ 2። አለፋችሁት ማለት ነው፣ መለስ። ሬዲዮ ጣቢያ በእጅ ፈልጎ ያገኘ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። በየጥንዱ ያሉት ሁለት ሁለት ሞጁሎች ከተስማሙ በኋላ ጥንዶቹ እርስ በርስ ይስማማሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሎዶች ሲቀዘቅዙ ማሰራጫው የሚያወጣውን ሁሉ ለአንቴናው እየሰጠ ነው።

ኤክሳይተሩ የሚነካው ገና አሁን ነው። የሚገባው ምስል 1 ቮልት ነው፣ 0.3 ለሲንክ፣ 0.7 ለምስሉ። ሞገዱ ሲንኩ ላይ 100 በመቶ ይደርሳል፣ ነጭ ላይ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ለምን ዜሮ አይሆንም? ተቀባዩ ቴሌቪዥን ድምፁን የሚያወጣው የምስሉንና የድምፁን ሞገድ አጣምሮ ነው። ነጭ ላይ የምስሉ ሞገድ ከጠፋ የሚጣመርበት አያገኝም። አንድ ጊዜ «ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ድምፁ ይነዝራል» የሚል ቅሬታ መጥቶልን ነበር። የፊልሙ መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝር ሲወጣ ዝዝዝ፣ ሲያልቅ ጸጥ። ጽሑፉ በጣም ነጭ ነበር፣ ሞገዱን ወለሉ ላይ ያሳርፈው ነበር። ልኩን በአንዲት ብሎን መለስነው። ከዚህ ሥራ ሁሉ ያን ያህል በቶሎ ያስደሰተኝ የለም።

በዚህ አጋጣሚ፣ አናሎግ ማሰራጫ የሚደክመው ጨለማ ሲያሳይ ነው። ነጭ ትንሽ ኃይል ነው፣ ጥቁር ብዙ። ሙሉ ጥቁር ምስል ላይ አማካዩ ኃይል ከሲንኩ ጫፍ 60 በመቶ ያህል ነው። የኃይል መለኪያውን የምናስተካክለውም በዚሁ ጥቁር ምስል ነው፣ አማካዩን ለክተን ጫፉን እናሰላለን። ሌሊት የሚታይ አስፈሪ ፊልም ካለ የሞጁሎቹ ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል። የስቱዲዮ ዜና ሲመጣ ይወርዳል። አንዳንዴ የሙቀት ሜትሩን እያየሁ ምን ዓይነት ፊልም እንደሚታይ እገምት ነበር። ተረኛ ሰው ምን ያደርጋል?

ማረሚያው ካርድ የሚነካው ከሁሉም በኋላ ነው። ጋሼ ያን ቀን መጀመሪያ ያደረጉት የኔን ብሎኖች በሙሉ ወደ ገለልተኛ ቦታቸው መመለስ ነበር። እርማቱ ሲጠፋ ማሰራጫው እርቃኑን ቀረ። ጉብታው ነበረ፣ ግን ትንሽ። ጤነኛ ማጉያ የሚያመጣው ያህል። እሱን ለማጥፋት ሩብ ዙር እንኳ አላስፈለገም። እኔ ሦስት ዙር ነበር ያዞርኩት። «ብሎን ብዙ ሲዞር ቆም በል» አሉኝ። «ማሰራጫው ሩብ ዙር ነው የሚጠይቅህ። ሦስት ዙር ከጠየቀህ ሌላ ነገር እየነገረህ ነው።»

የዕለት ጥገናው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አሰልቺ ነው፣ አላስዋሽም። የአየር ማጣሪያ ማጠብ፣ ፋን ማዳመጥ፣ ኮኔክተር መፈተሽ። ማጣሪያ ሲደፈን ሞጁሎቹ እኩል አይሞቁም። ከላይ ያለው ከታች ካለው በላይ ይግላል፣ ሲግል ማጉላቱ ይቀንሳል፣ ፌዙም ይሸሻል። ስለዚህ ትናንት በደንብ የተስማማ ማሰራጫ ዛሬ ሪጀክት ሎዱ ቢሞቅ ብሎን ሳይሆን ማጣሪያ ነው የሚፈለገው። ኮኔክተር ደግሞ ከሙቀትና ቅዝቃዜ ጋር ሲነፋና ሲኮማተር ቀስ እያለ ይላላል። የላላ ኮኔክተር ይሞቃል፣ የሞቀው ይበልጥ ይላላል። ሲነቀል ውስጡ ቡናማ ሆኖ ካገኛችሁት አትጥረጉት፣ ቀይሩት።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር ብቻ። ቱቦ ያላቸው ማሰራጫዎች ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስለነበር ሰው ይፈራቸው ነበር። እነዚህ ሞጁሎች 50 ቮልት አካባቢ ስለሆኑ ሰው ይንቃቸዋል። ግን ከረንቱ ብዙ ነው። ቀለበት አድርጎ መጫወቻ አይደለም። የሞገድ ቃጠሎ ደግሞ ከላይ ነጥብ ያህል ሆኖ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አውራ ጣቴ ላይ አንድ አለኝ፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የራሴ ችኮላ ነው።

ሞጁላር ማሰራጫ ላይ ቅሬታ ካለኝ ቻይነቱ ነው። ከ4 ሞጁል አንዱ ሙሉ በሙሉ ቢሞት፣ የሚጠብቀው ዑደት ካልገፋ፣ አንቴናው 56 በመቶ ያገኛል። ሦስቱ 1,500 ዋት ያወጣሉ፣ 1,125 ይሄዳል፣ 375 ሪጀክት ሎዶቹ ላይ ይቀራል። ለቅርቡ ተመልካች ምንም አልተለወጠም። የሚጎዳው ሲግናሉ ድሮም በጭንቅ ይደርሰው የነበረው፣ ጠርዝ ላይ ያለው ሰው ነው። እሱ ጋ ምስሉ ላይ በረዶ ይዘንባል። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይደውልም፣ ለምዶታል። ስለዚህ ማሰራጫው ለወራት እያነከሰ ይሄዳል፣ ሁላችንም «ኧረ ይሠራል» እንላለን። ቱቦው ቢያንስ ሲሞት ይናገር ነበር።

አናሎግ አሁን በብዙ አገሮች ታሪክ ሆኗል። በ2006 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ስምምነት ሰኔ 17 ቀን 2015ን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሽግግሩ መጨረሻ አድርጎ ነበር። ከሞጁላር ማሰራጫዎች ብዙዎቹ ግን አልተጣሉም። ኤክሳይተራቸው በዲጂታል ተተካ፣ ማጉያዎቹና ኮምባይነሩ እዚያው ቀሩ። ሲንክ የለም፣ ትል የለም። ዲጂታል ደግሞ ከአናሎግ ይብሳል፣ ጥፋቱን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ደብቆ ይቆይና ድንገት ምስሉ በሙሉ ይጠፋል። የሚያስጠነቅቅ ቀይ ቀሚስ እንኳ የለም።

ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ባለ ካሬውን ደብተር ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ማሰራጫ ክፍል ሲገቡ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከሰላምታ በፊት፣ ሜትር ከማየታቸው በፊት፣ ከኮምባይነሩ ጎን ይሄዱና የሪጀክት ሎዶቹን ክንፍ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ። የልጅ ግንባር የሚዳስሱ ነበር የሚመስሉት።

ባለፈው ወር አንድ አዲስ ልጅ አብሮኝ ገባ። ዲጂታል ሜትሩን አየ፣ ስክሪኑን አገላበጠ፣ ፎቶ አነሳ። «ሁሉም አረንጓዴ ነው» አለኝ።

«እጅህን እዚያ ላይ አድርግ» አልኩት።

አስጠግቶ መለሰው። «ይሞቃል እንዴ?»

«የትኛው ነው የሚሞቀው፣ የላይኛው ጥንድ ነው የታችኛው?»

እንደገና አስጠጋ። አሁን ቀስ ብሎ፣ በእጁ ጀርባ። «የታችኛው።»

ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት፣ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ሞጁል ገጽ እንዲፈልግ። ካቻቢቴው ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው።